ሽማግሌው ከቀብር በፊት ይምጣ፦ ከድሬዳዋ ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ጦርነት ሳይጀመር ስለሚደረግ ድርድር

የተከበራችሁ የሚኒስቴሩ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

ጤና ይስጥልኝ። ይህን የምጽፍላችሁ ከድሬዳዋ፣ ከከዚራ ነው። ስድሳ ዓመት ሞልቶኛል። አባቴ የምድር ባቡር መካኒክ ነበር። እኔ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ያህል በትራንዚት ሥራ ላይ ቆይቼ ጡረታ ወጣሁ። ዲፕሎማት አይደለሁም፤ ፖለቲካ ውስጥም ገብቼ አላውቅም። ግን ዕድሜዬን በሙሉ የኖርኩት፣ ድንበር ሲዘጋና ሲከፈት ከሁሉ ቀድማ በምታውቅ ከተማ ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ አንድ ነገር ከተፈጠረ ወሬው በማግስቱ ቀፊራ ገበያ ይደርሳል።

ለመጻፍ ያነሳሳኝ አንድ ጥያቄ ነው። ታውቁታላችሁ፣ ድሬዳዋ ፀሐይዋ ካዘቀዘቀች በኋላ ሁሉም ሰው ደጅ ይወጣል። እኛም ሰፈር ማታ ማታ ወንበር አውጥተን ሻይ እንጠጣለን። ሰሞኑን ወሬው ሁሉ ስለ ቀይ ባሕርና ስለ አሰብ ሆኗል። ማን ምን አለ፣ ማን ምን መለሰ፣ ጦር ወዴት ተንቀሳቀሰ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ የሚፈልግ አንድ የጎረቤት ልጅ አለ። እሱ ነው ድንገት ወደ እኔ ዞሮ፦ «አቦ እማማ፣ ይህ ድርድር ምናምን የሚሉት ነገር በእውነት ትልቅ ጦርነት አስቀርቶ ያውቃል እንዴ?» ያለኝ።

ያን ማታ በቅጡ አልመለስኩለትም። ልጁ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነው። ጦርነት ከመጣ የሚሄደው እሱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ስለዚህ የሚገባውን መልስ ልሰጠው አሰብኩ። እያሰብኩ ስሄድ ግን መልሱ ወደ እናንተ የሚላክ ደብዳቤ ሆነብኝ።

መልሴ «አዎ፣ ያውቃል» ነው። ግን በእኛ አገር ድርድር የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከቀብር በኋላ ነው። ደብዳቤዬም ስለዚህ ነው።

ከራሴ ቤት ልጀምር። በ1969 ዓ.ም. ክረምት አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ሐምሌ ላይ የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን ገባ። ነሐሴ ላይ ድሬዳዋ ደጃፍ ደረሰ። አባቴ ፍራሹን ከአልጋው አውርዶ መስኮቱ ላይ አቆመው። እኛን አልጋው ሥር አስገባን። የጄቶቹ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ድሬዳዋ አልተያዘችም። መስከረም ላይ ጅጅጋ ተያዘች፤ ሐረርም ለወራት ተከባ ቆየች። የእናቴ ታናሽ ወንድም የዘመተው ያኔ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር።

የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ነጻ ወጣች። የካራማራ ድል የምንለው ነው። ከተማው ጨፈረ። እኛ ቤት ግን አጎቴ አልተመለሰም። ሞቷል ያለን አልነበረም፣ አለ ያለንም አልነበረም። እናቴ እርሟን አላወጣችም። ብዙ ቆይቶ ሶማሊያ ውስጥ ተማርኮ እንዳለ ወሬ መጣ።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ጦርነቱ ያለቀው በ1970 ነው። አጎቴ ቤቱ የገባው ግን በ1980 ዓ.ም. ነሐሴ ነው። ከአሥር ዓመት በላይ! ጥይት መተኮስ ካቆመ በኋላ ይህን ያህል ዘመን የታሰረው ለምን ነበር? ሁለቱ መንግሥታት ስላልተነጋገሩ ነው። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ጄኔራል ሲያድ ባሬ ፊት ለፊት የተገናኙት በ1978 ዓ.ም. ጥር ነው፤ ያውም እዚሁ ጅቡቲ፣ ኢጋድ ሲመሠረት። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሁለት ዓመት ፈጀ። በ1980 ዓ.ም. መጋቢት ስምምነት ተፈረመ። ጦር ከድንበር ይራቅ፣ ግንኙነት ይታደስ፣ ምርኮኛ ይለዋወጥ ተባለ። በቀይ መስቀል በኩል ከ3 ሺህ በላይ የኛ ሰዎች ተመለሱ። አጎቴ አንዱ ነበር። ጸጉሩ ነጭ ሆኖ መጣ። እናቴ በር ላይ አይታው ደንግጣ፦ «ማንን ፈልገው ነው አባባ?» አለችው። የገዛ ወንድሟን!

ያ ስምምነት የገጽ ብዛቱ ስንት እንደነበር አላውቅም። ለኛ ቤት ግን የአንድ ሰው ወጣትነት አክሏል።

በ1969 ከጦርነቱ በፊት ሙከራ አልነበረም አልልም። መጋቢት ላይ ፊደል ካስትሮ ሁለቱን መሪዎች ኤደን ላይ አገናኝቶ ነበር። በአንድ ፌዴሬሽን ተሳሰሩ ብሎ ሐሳብ አቀረበ። አልተቀበሉትም። አራት ወር ሳይሞላ ታንኩ ተነሳ። አንድ ስብሰባ፣ አንድ ትልቅ ሐሳብ፣ ከዚያ በቃ። ሁለተኛ ቀጠሮ የለም፣ ትንንሽ ነገሮችን አንድ በአንድ ማንሳት የለም። እኛ ሰፈር እንኳ ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌ አንድ ቀን መጥቶ «እምቢ ካላችሁ እንግዲህ» ብሎ አይሄድም። ይመላለሳል። ጠዋት እሷን፣ ማታ እሱን ያናግራል። «አስቡበት» ብሎ ይሄድና ቡና ሰዓት ላይ ደግሞ ይመጣል።

ወደ 1990 ልለፍ። ይህኛውን በዐይኔ ያየሁት፣ በሥራዬም የነካሁት ነው።

ሚያዝያ 28 ቀን 1990 ዓ.ም. ባድመ አካባቢ ተኩስ ተከፈተ። እስከዚያ ድረስ አብዛኛው የአገሪቱ ጭነት በአሰብ ነበር የሚገባው። በአንድ ጊዜ ሁሉም ወደ ጅቡቲ ዞረ። ቢሮአችን በወረቀት ተጥለቀለቀ። ሌሊት እየሠራን ነጋ። ደሞዝም ተጨመረልኝ፤ እውነቱን ልናገር። ግን ሥራው አላስደሰተኝም፤ ለምን እንደበዛ አውቅ ነበርና።

ያኔ አሜሪካና ሩዋንዳ ወዲያው የሰላም ሐሳብ አቅርበው ነበር። ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ጦርነቱ ገና አንድ ወሩ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ከሚያዝያ 28 በፊት ወደነበረው ቦታ ይመለስ፣ ድንበሩ ከጦር ይጽዳ፣ መስመሩ በቅኝ ግዛት ዘመን ውሎች መሠረት በሕግ ይወሰን። ኢትዮጵያ ተቀበለች፣ ኤርትራ አልተቀበለችም። የአፍሪካ አንድነት ድርጅትም ተመሳሳይ ማዕቀፍ አመጣ። በ1991 የካቲት ባድመ ስትመለስ ኤርትራ ማዕቀፉን ተቀበልኩ አለች። ያን ጊዜ ደግሞ በአፈጻጸሙ ዝርዝር ላይ የኛ ወገን ጥያቄ አነሳ። አንዱ እሺ ሲል ሌላው ቆይ ይላል። በዚህ መሃል ሁለት ዓመት አለፈ። በሁለቱም ወገን በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች አለቁ።

ከዚያ በሰኔ 1992 አልጀርስ ላይ ተኩስ ቆመ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. የሰላም ስምምነቱ ተፈረመ። ምን ይላል? ጦሩ ወደነበረበት ይመለስ። መሃሉ ከጦር ነጻ ይሁን። ድንበሩ በቅኝ ግዛት ዘመን ውሎች መሠረት በኮሚሽን ይወሰን።

ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። እኔ ሥራዬ ሰነድ ማመሳከር ነበር። ፋክቱርና የጭነት ዝርዝር አስተያይቼ ልዩነት መፈለግ። እነዚህን ሁለት ወረቀቶች ባመሳክር የማገኘው ልዩነት ጥቂት ነው፤ ሰላም አስከባሪ ተጨምሯል፣ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ቀጠና ተጨምሯል፣ የካሣ ጉዳይ ተጨምሯል። ዋናው ነገር ግን በ1990 ግንቦት ጠረጴዛ ላይ ነበር። መጨረሻ ላይ የምንፈርመው እሱኑ ከሆነ፣ በመሃል የሞቱት ልጆች ለየትኛው አንቀጽ ነው የሞቱት? ይህን ጥያቄ ማንንም ለመክሰስ አላነሳሁትም። ወደፊት አንድ ወረቀት ጠረጴዛችሁ ላይ ሲመጣ እንድታስታውሱት ብዬ ነው።

የዚያ ጦርነት ሌላው ጎን እኛው ግቢ ውስጥ ነበር። ድሬዳዋ የባቡር ከተማ ናት። ባቡሩ ኦሮሞውን፣ ሶማሌውን፣ አማራውን፣ ጉራጌውን፣ ሐረሪውን፣ ዐረቡን፣ ግሪኩንና ኤርትራዊውን እዚህ አምጥቶ አንድ ደጅ ላይ አስቀመጠ። የኛ ግቢ ሦስተኛ በር ላይ ትኖር የነበረችው ጓደኛዬ ወላጆቿ ከኤርትራ የመጡ ናቸው። እሷ ግን እዚሁ ተወልዳ፣ አብራኝ ተምራ ያደገች የድሬ ልጅ ናት። የበኩር ልጄን ክርስትና ያነሳችው እሷ ናት።

አንድ ሌሊት ሰዎች መጡና ወሰዷቸው። እሷን፣ ባሏንና ሁለት ልጆቿን። የቤቱን ቁልፍ እጄ ላይ ጣለችልኝ። «ሽሮው ምድጃ ላይ ነው፣ አጥፊልኝ» አለችኝ። ሌላ ነገር ለማለት ጊዜ አልነበረም። ያን ጊዜ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እንዲህ ሄደዋል። ከወዲያም ኢትዮጵያውያን እንዲሁ ተባረው መጥተዋል። ቁልፉን ሃያ ዓመት አስቀመጥኩት።

ሐምሌ 2010 ላይ ስልክ ተከፈተ። ሐምሌ 2 ቀን አስመራ ላይ የጋራ መግለጫው ተፈረመ። ያን ሰሞን ሰው ሁሉ የማያውቀውን ቁጥር እየደወለ ያለቅስ ነበር። እኔም ቁጥሯን በሰው በሰው አገኘሁት። ስትመልስ ድምፅዋን አላወቅኩትም። «ሽሮውን አጠፋሁት» አልኳት። ሁለታችንም መናገር አቃተን።

እንግዲህ የሰላምን ዋጋ የማውቀው በዚህ ነው። ስለ 2010 ሰላም ግን በሙያዬ አንድ ነገር ልናገር። ደስታችን እውነተኛ ነበር። መሪዎቹ ተቃቀፉ፣ አውሮፕላኑ በረረ፣ መስከረም 1 ቀን 2011 የዛላምበሳና የቡሬ ድንበር ኬላዎች ተከፈቱ። መኪናው ጤፍ ጭኖ ወደዚያ፣ የቤት ዕቃ ጭኖ ወደዚህ ይመላለስ ጀመር። እኔ ቢሮ ተቀምጬ እጠብቅ ነበር። የትኛው ዕቃ ስንት ይቀረጣል? በየትኛው ገንዘብ ይከፈላል? ዲክላራሲዮኑን፣ የጉምሩክ ሰነዱን ማለቴ ነው፣ ማን ይቀበላል? መልስ አልመጣም። የአስመራው መግለጫ አምስት ነጥብ ነበር። ጥሩ አምስት ነጥብ ነው። ግን ከነጥቦቹ በታች መኖር የነበረበት ዝርዝር እኛ ዘንድ አልደረሰም። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ዛላምበሳ ተዘጋ።

ሠላሳ ዓመት የሠራሁበት ሙያ አንድ ነገር ያስተምራል። ሰነድ የሌለው ጭነት ኬላ ላይ ይቆማል። ሾፌሩ የቱንም ያህል ጥሩ ሰው ቢሆን፣ ከፈታሹ ጋር ቢሳሳምም፣ ወረቀቱ ከሌለ ያድራል። በመሪዎች ፍቅር ላይ ብቻ የቆመ ሰላምም መሪዎቹ የተኮራረፉ ዕለት ኬላ ላይ ይቀራል። ዲፕሎማሲ ማለት ለእኔ ያ አሰልቺ ወረቀት ነው። ቀረጡ፣ ምንዛሪው፣ የግጦሹ ሰዓት፣ የእረኛው መታወቂያ፣ የድንበሩ ችካል። ይህን የሚጽፉ ሰዎች በቴሌቪዥን አይታዩም። ጦርነት የሚያስቀሩት ግን እነሱ ናቸው።

ልጁ ግን «አስቀርቶ ያውቃል ወይ?» ነው ያለኝ። የቀረ ጦርነት ሐውልት ስለማይሠራለት ነው የማናውቀው እንጂ፣ አለ።

እ.ኤ.አ. በ1962 አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት በኩባ ሚሳኤል ምክንያት ዓለምን ሊያቃጥሉ አሥራ ሦስት ቀን ተፋጠጡ። ሚሳኤሉ ተነሳ። ኬኔዲ ኩባን ላለመውረር ቃል ገባ፤ ቱርክ ውስጥ ያለውንም የአሜሪካ ሚሳኤል እንደሚያነሳ በምስጢር ነገራቸው። ሁለቱም ወደ ቤታቸው አንገታቸውን ቀና አድርገው ተመለሱ። በዓመቱ በሁለቱ ዋና ከተሞች መካከል ቀጥታ የመገናኛ መስመር ዘረጉ። ይህን ሁሉም ሰው ስለሚያውቀው እዚህ ላይ አልቆይም።

እኔን የገረመኝ የአርጀንቲናና የቺሊ ታሪክ ነው። ከኛ ጋር እጅግ ይመሳሰላል። በደቡብ አሜሪካ ጫፍ፣ ቢግል በሚባለው የባሕር ወሽመጥ፣ ሦስት ትንንሽ ደሴቶች አሉ። ፒክተን፣ ኑዌቫ፣ ሌኖክስ። ብርድና ነፋስ ካልሆነ ብዙም ነገር የለባቸውም። ሁለቱ አገሮች ይገባናል ይገባናል ብለው ለዳኝነት ሰጡት። እ.ኤ.አ. በ1977 ዳኞቹ ለቺሊ ፈረዱ። አርጀንቲና ፍርዱን አልቀበልም አለች። ይሄኔ ባድመ ትዝ አለችኝ። በእኛም ጊዜ ሚያዝያ 5 ቀን 1994 የድንበር ኮሚሽኑ ወሰነ፣ ባድመን ለኤርትራ ሰጠ፣ ውሳኔውም ሳይፈጸም አሥራ ስድስት ዓመት «ጦርነትም የለም፣ ሰላምም የለም» በሚባል ሁኔታ ቆየን።

እዚያ ግን ነገሩ በሌላ መንገድ ሄደ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1978 ሁለቱም ጦራቸውን ድንበር ላይ አሰለፉ። የአርጀንቲና መርከቦች ደሴቶቹን ሊይዙ ተንቀሳቅሰው ነበር። ሰዓታት ነው የቀሩት። ያኔ የሮማው ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ «መልእክተኛ ልላክ» አሉ። ሁለቱም እሺ አሉ፣ መርከቦቹ ተመለሱ። ካርዲናል አንቶኒዮ ሳሞሬ የሚባሉ ሽማግሌ ሄዱ። የሰባ ሦስት ዓመት ሰው ናቸው። በጥር ሁለቱ አገሮች «ኃይል አንጠቀምም» ብለው ፈረሙ። ዋናው ስምምነት ግን እስከ እ.ኤ.አ. 1984 ድረስ ፈጀ። ስድስት ዓመት! ካርዲናሉ መጨረሻውን ሳያዩ ዐረፉ። በመሃል ብዙ ጊዜ ሊፈርስ ደርሶ ነበር። ግን ስድስት ዓመት መነጋገር ማለት ስድስት ዓመት አለመተኮስ ነው። ሁለቱም ሕዝብ በወታደር አገዛዝ ሥር ነበር፤ መሪዎቹም ለስላሳ ሰዎች አልነበሩም። ቢሆንም ጦርነቱ ቀረ። ደሴቶቹ ለቺሊ ሆኑ፣ አርጀንቲናም በአትላንቲክ በኩል ያለው ባሕር እንዲጠበቅላት ሆነ።

የኛም አለ፤ ለምን ሩቅ እንሄዳለን? ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ስንፈራረም ሞቃዲሾ ተቆጣች። ያን ዓመት እኛ ከተማ ውስጥ የነበረውን ስጋት እናንተ ከአዲስ አበባ ሆናችሁ በዚያ ልክ ያያችሁት አይመስለኝም። መጋላ ያሉ የሶማሌ ነጋዴ ጓደኞቼ ዕቃቸውን ሃርጌሳ ላይ አስቀምጠው እንቅልፍ አጥተው ነበር። «እንደ 69ኙ ይሆናል እንዴ?» ያሉኝ አሉ። አልሆነም። እናንተ ለድርድር አንካራ ሄዳችሁ፤ ተመላለሳችሁ። አንድ ክፍል ውስጥ መቀመጥ ባልተቻለ ጊዜ እንኳ ቱርኮቹ በመሃል እየተመላለሱ አነጋገሩ። ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 የአንካራው መግለጫ ወጣ። ስለዚህ ነገር ማንም በወጉ አላመሰገናችሁም መሰለኝ። እኔ አመሰግናለሁ። ከልቤ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ የሁለቱ አገር ጦር አልተታኮሰም። የጎረቤቴ ልጅ ከሻይ ጋር ሥራ ስለማጣት የሚያማርረው እናንተ በዚያ ዓመት በሠራችሁት ሥራ ምክንያት ይሆናል።

አሁን ደግሞ የምፈራውን መልስ ልናገር። ዲፕሎማሲ ሁልጊዜ ያሸንፋል ብል ውሸት ነው፤ ሐረርጌ ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ሊል አይችልም። ወልወል ያለችው እዚሁ በኛ በኩል፣ ኦጋዴን ውስጥ ነው። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. ጣሊያኖች ከድንበሩ ብዙ ርቀው ገብተው ከያዙት የውሃ ጉድጓድ አጠገብ ተኩስ ተከፈተ። ንጉሠ ነገሥቱ ለመንግሥታት ማኅበር አቤት አሉ። ሕግ ያዘዘውን መንገድ ሁሉ ሄዱ። ዳኞች ተቀመጡ፣ ማንም ጥፋተኛ አይደለም ብለው ተነሱ። መስከረም 22 ቀን 1928 ጣሊያን ወረረን። ማዕቀብ ተጣለ፣ ነዳጅ ግን አልተካተተም፤ የስዊዝ ቦይም ለጣሊያን መርከቦች ክፍት ሆኖ ቆየ። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ንጉሠ ነገሥቱን ወደ ጅቡቲ የወሰዳቸው ባቡር በዚሁ በኛ ጣቢያ ነው ያለፈው። አያቴ ያን ቀን ድሬዳዋ ፀጥ ብላ ነበር ትል ነበር።

ስለዚህ ጦር አያስፈልግም አልልም። ሙሶሊኒ ወስኖ ነበር፤ የወሰነን ሰው ወረቀት ብቻውን አያቆመውም። በ1969ም ድሬዳዋን ያዳናት ድርድር አልነበረም፤ ወታደር ነው። አጎቴን ያየ ሰው ወታደርን አይንቅም። እኔ የምለው፣ ሁሉም ጎረቤት ሙሶሊኒ አይደለም ነው። ያልወሰነን ሰው እንደወሰነ አድርገን ከያዝነው ደግሞ ራሳችን እናስወስነዋለን። «ሊወጋን ነው» ብለን ጦር ስናስጠጋ እሱም «ሊወጉኝ ነው» ይላል። ከዚያ አንድ የሰከረ ወታደር፣ አንድ የጠፋ ግመል ይበቃል።

በ2013 የሆነውን እናንተም እኔም አንረሳውም። በ2012 ሰኔ የአገር ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች መቀሌ ድረስ ሄደው ለምነው ነበር። ሰሚ ሳያገኙ ተመለሱ። ከዚያ ሁለት ዓመት የፈጀው ጦርነት። ከዚያ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ። ስለዚህኛው ብዙ አልጽፍም፤ ቁስሉ ገና ነው፣ ከኔ የበለጠ ሊናገሩበት የሚገባቸው ሰዎች አሉ። ግን ያኔም ሽማግሌው ሁለት ጊዜ ነው የመጣው። አንዴ ከቀብር በፊት፣ አንዴ ከቀብር በኋላ። ያዳመጥነው የኋለኛውን ነው።

እንግዲህ የምለምናችሁን ልናገር።

ከአስመራ ጋር ያለውን ነገር በመግለጫ አትመላለሱ። መግለጫ ለሕዝብ ነው የሚጻፈው፤ ሕዝብ ፊት የተናገረውን ቃል ማንም መሪ መዋጥ አይችልም። አንድ ሰው መድቡ። ሥራው ይህ ብቻ የሆነ፣ ስብሰባ ሲፈርስ ወደ ሌላ ሥራ የማይዛወር፣ አምስትም ስድስትም ዓመት ቢፈጅ የማይሰለች ሰው። ስሙን ባናውቀውም ግድ የለም።

የሁለቱ ጦር አዛዦች በቀጥታ የሚነጋገሩበት ስልክ ይኑር። ቴክኖሎጂው ከባድ አይደለም፤ እኔ ጡረተኛዋ እንኳ ካናዳ ያለ ልጄን በየቀኑ በቪዲዮ አየዋለሁ። ሌሊት አንድ ቦታ ተኩስ ሲሰማ «ምንድን ነው?» የሚባልበት መስመር ከሌለ፣ ጥያቄውን መድፍ ይጠይቀዋል።

ስለ ወደብ ስትደራደሩ ከጭነት ጀምሩ። ይህን እንደ ሙያተኛ ነው የምለው። አገራችን የባሕር በር ያስፈልጋታል፤ ከድሬዳዋ በላይ ይህን የሚያውቅ የለም። ሁሉ ነገር በአንድ የጅቡቲ መስመር ላይ ተንጠልጥሎ መኖር ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ሠላሳ ዓመት አይቻለሁ። ግን ወደብ ማለት መጀመሪያ ነገር ታሪፍ ነው፣ መጋዘን ነው፣ የመንገድ ጥገና ነው፣ የኢንሹራንስ ዋጋ ነው። ጦርነት ባለበት ባሕር ላይ መርከብ አይመጣም፤ ቢመጣም የኢንሹራንስ ዋጋው ዕቃውን ይበላዋል። አሰብ በጥይት ብትከፈት እንኳ የመጀመሪያዋን መርከብ የሚያመጣት የጭነት ባለቤት ማን ነው? «ባለቤትነት» ከሚለው ትልቅ ቃል ጀምራችሁ ከተጣላችሁ፣ «በቶን ስንት» ከሚለው ትንሽ ቃል ጀምራችሁ ሞክሩት።

ሌላም አለ። ሕዝብን ከመንግሥት ለይታችሁ ተናገሩ፤ የመንግሥት መገናኛ ብዙኃንም እንዲለዩ ምከሩ። በ1990 ጓደኛዬን ሌሊት ከቤቷ ያስወጣት ከዚያ በፊት ለሳምንታት በሬዲዮ የሰማነው ቃል ነው። መጀመሪያ ቃሉ መጣ፣ ቀጥሎ ሰዎቹ መጡ። እሷን «ጠላት» የሚለው ስም ውስጥ ያስገባት ሰው ሽሮ ስትሠራ አይቷት አያውቅም።

ከዚያም የድንበር ሰዎችን ጠይቁ። የኛ አካባቢ የሶማሌ ኡጋዞችና የኦሮሞ አባ ገዳዎች፣ የሐረር የአፎቻ (የመረዳጃ ማኅበር) ሽማግሌዎች የደም ነገር ሲመጣ እንዴት እንደሚይዙት ጠይቋቸው። በነሱ ሥርዓት መጀመሪያ የሚደረገው ማን ጥፋተኛ ነው ብሎ መወሰን አይደለም። መጀመሪያ ሁለቱ ወገኖች እንዳይገናኙ ይደረጋል፤ አንዱ በዚህ ጉድጓድ፣ ሌላው በዚያ ጉድጓድ ከብቱን እንዲያጠጣ። ጥፋቱና ካሣው ሰው ከቀዘቀዘ በኋላ ይመጣል። እናንተ በእንግሊዝኛ ረጅም ስም የምታወጡለትን ነገር እነሱ ከዛፍ ሥር ሆነው ሲያደርጉት ኖረዋል።

ለጎረቤቴ ልጅ ይህን ደብዳቤ ሳነብለት ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ፦ «እማማ፣ ግን ይሰሙሻል?» አለኝ። እንጃ አልኩት። ስለዚህ አንድ ግብዣ ልጨምር።

ከመካከላችሁ የኤርትራን ጉዳይ የያዘው ሰው ድሬዳዋ ይምጣልኝ። በባቡር ቢመጣ ደስ ይለኛል፤ ጣቢያው ከከተማው ትንሽ ወጣ ይላል፣ ግን ባጃጅ ይዤ እቀበለዋለሁ። ቤቴ ምሳ ይበላል። አጎቴ በሕይወት አለ፤ ሰባ ዓመት አልፎታል፣ ማውራት አይወድም፣ ከጠየቁት ግን ይመልሳል። ማታ ደጅ ላይ እንቀመጣለን፣ ልጁም ይመጣል። ከዚያ የሦስተኛውን በር ቁልፍ አሳየዋለሁ። ቤቱ አሁን ሌላ ሰው ይኖርበታል፣ ቁልፉም ተቀይሯል፤ እኔ ግን አሮጌውን አልጣልኩትም። ጓደኛዬ በ2010 በስልክ «አንድ ቀን መጥቼ ከእጅሽ እቀበልሻለሁ» ብላኛለች። ልትመጣ የምትችልበትን መንገድ የምትጽፉት እናንተ ናችሁ።

መልሳችሁን እጠብቃለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የከዚራዋ የትራንዚት ጡረተኛ
ድሬዳዋ